ቫዝሊኑን ለምን ረሳችሁት?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በውበት ዓምዳችሁ ስለ ኮሪያ የፊት አጠባበቅ የወጣውን ጽሑፍ ቆርጣ ያመጣችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። «እትዬ፣ አንቺ ግሊሰሪን ስትሸጪ ዓለም የት ደርሷል!» ብላ ልትስቅብኝ። ጽሑፉ ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚሉት ውሃ ሳቢ ያለበት ሴረም (ፊት የሚቀባ ቀጭን ፈሳሽ) ጧትና ማታ ተቀቡ፣ ቆዳችሁ ውሃ ይጠግባል ይልና እዚያው ላይ ያበቃል። ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት 19 ዓመት የቆምሁ ሰው ነኝ፤ ብዕር ያስነሳኝም እዚያ ላይ ማብቃቱ ነው።

አልደብቅም፣ እኔም ሞክሬዋለሁ። አምና ታኅሣሥ ላይ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ (ዋጋውን አልናገርም፣ ባለቤቴ ጋዜጣችሁን ያነባል)። ማታ ፊቴን ታጥቤ፣ በፎጣ አድርቄ፣ ሦስት ጠብታ ተቀብቼ ተኛሁ። ምንም አልደረብሁበትም። ጧት ስነሳ ጉንጬ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ አፌ ዳርና ዳር ተሰነጣጥቋል። ስስቅ ያመኛል። የሸጠችልኝ ልጅ «እስኪለምደው ነው፣ አብሽሪ» አለችኝ። እኔም መድኃኒት ሻጭዋ አምኛት ሳምንት ሙሉ አመድ የተነፋበት ፊት ይዤ ሰነበትሁ።

ሃያሉሮኒክ አሲድም ሆነ ግሊሰሪን ውሃ ይስባሉ እንጂ ውሃ አይፈጥሩም። ፊት እርጥብ ከሆነ ያንን ይይዛሉ፤ አየሩ እርጥበት ካለው ከአየሩም ይወስዳሉ። ፊቱም አየሩም ደረቅ ከሆኑ ከራሱ ከቆዳው ውስጥ ወደ ላይ ይስቡና ነፋሱ ይወስደዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በበጋ ከጦሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ያሰጣነውን ጋቢ ሳይቀር አድርቆ ያቆመዋል። የእኔን ሦስት ጠብታ ይምራል?

ኮሪያዎቹ ይህን አሳምረው ያውቁታል። ታጥበው ፊታቸው ሳይደርቅ ቶነሩን (ከታጠቡ በኋላ የሚቀባ ውሃ መሰል ፈሳሽ ነው፤ እነሱ «ስኪን» ይሉታል) በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ይቀባሉ፤ እስከ ሰባት ጊዜ የሚደራርቡም አሉ። ቀጥሎ ኤሰንስ የሚሉትን ሌላ ቀጭን ፈሳሽ፣ ሴረም፣ በመጨረሻ ክሬም። ክሬሙ አክንባሎ ነው፤ ያለ እሱ እንጀራውም እንፋሎቱን አይዝም። ዓምዳችሁ ምጣዱን አስምቶ አክንባሎውን ረሳው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰባት እርከን አልመክርም። ብርድ ሲገባ ወደ እኛ የሚመጡት እናቶች ግሊሰሪን ገዝተው፣ በውሃ አቅጥነው፣ ከላዩ ቫዝሊን ይቀባሉ። ስሙን አያውቁትም እንጂ ሥራው ያው ነው። ግሊሰሪኑን ግን ሳታቀጥኑ ፊታችሁ ላይ አታድርጉ፣ ይጣበቃል፣ ያቃጥላልም። እኔ አንድ እጅ ግሊሰሪን በአራት እጅ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ አቀጥናለሁ፤ ቢቆይ ስለሚበላሽ ለሁለት ቀን ከሚበቃ አላበዛም። ፊቴ ሳይደርቅ እሱን፣ ከዚያ ስስ ቫዝሊን። ብጉር የሚያስቸግራት ልጅ በቫዝሊኑ ፈንታ ቀለል ያለ ክሬም ትጠቀም።

አንድ ነገር ደግሞ። የቀንድ አውጣ ልሃጭ ያለበትን «ኤሰንስ» ስታወድሱ ጋዜጣው ወሎም እንደሚነበብ አስቡ። መድኃኒት ቤት የምትመጣ እናት «ሀራም አይደለም ወይ?» ትላለች፤ አጠገቧ የቆመችው ጾመኛ ደግሞ አንገቷን አስግጋ መልሱን ትጠብቃለች። እኔ ሼህም ቄስም አይደለሁ፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን አንብቤላቸው በምትኩ ፓንቴኖል የሚባል ቆዳ አለስላሽ ያለበትን አሳያቸዋለሁ። ሃያሉሮኒክ አሲድ ራሱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1934 መጀመሪያ የተለየው ከከብት ዓይን ውስጥ ነው፣ ዛሬ ግን አብዛኛው በባክቴሪያ ይመረታል። ይህንን ነግሬያት አንዷ «እንኳን ነገርሽኝ» ብላ ገዝታ ሄደች፤ ሌላዋ ደግሞ የከብት ዓይን ያልሁትን ብቻ ይዛ ጠርሙሱን መለሰችልኝ።

በሚቀጥለው እትማችሁ «እርጥብ ፊት ላይ፣ ከዚያ ክሬም» የሚለውን አንድ መስመር አውጡልን። ቦታ ከተረፈ የፀሐይ መከላከያም ጨምሩበት፣ ደጋ ላይ ፀሐዩ ይበረታል። የእህቴ ልጅ ቆርጣ ታመጣልኛለች። ልትስቅብኝ በመጣች ቀን ይዛብኝ የሄደችውን ቫዝሊኔንም ያኔ ትመልስልኝ ይሆናል።

የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ ከደሴ