ለሚሚዬ፣ 36 ዓመት ለሚሞላሽ

ሚሚዬ እንኳን ተወለድሽ ብዬ ልጀምር ነበር ግን አክስትሽ ትናንት ደውላ የነገረችኝ ነገር አላስቻለኝም። ቀይ መብራት ላይ እንደቆምሽ እንቅልፍ ይዞሽ ጭልጥ፣ ከኋላሽ ያለው ሰውዬ ክላክስ ባያደርግ ኖሮ እዛው ልታድሪ ነበር አሉ። እሷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። ለእናትሽ አልተናገርኩም። ተኚ። ብዙ የምጽፍልሽ አለኝ ግን መጀመሪያ እሱን ያዢልኝ፣ ተኚ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት 36 ሞላሽ ማለት ነው። ባለፈው ስንደዋወል "አባዬ 36 ሊሞላኝ ነው ማንም አያውቀኝም" አልሽኝ አይደል፣ እኔም የዛን ቀን መልስ አጣሁና ዝም አልኩ። በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ያ የኛ ሰውዬ፣ የጃዝ ጊታሪስቱ ዌስ ሞንትጎመሪ ራሱ በ36 ዓመቱ ማን ያውቀው ነበር? 1923 ነው የተወለደው፣ እነ ሳክስፎኒስቱ ካነንቦል አደርሊ ኢንዲያናፖሊስ ሚሳይል ሩም የሚባል ቤት ገብተው ጉድ ያሉት 1959 (በፈረንጅ ነው የምልሽ)። ካነንቦል ኒውዮርክ ሲመለስ ሪቨርሳይድ ለሚባለው ሸክላ አሳታሚ ለኦሪን ኪፕኒውስ ነገረው፣ ሰውዬው መጥቶ ሰማው፣ በዛው ዓመት ኦክቶበር ላይ ስቱዲዮ አስገባው። ከዛ በፊት ከሊዮኔል ሃምፕተን ባንድ ጋር ከ1948 እስከ 1950 ዞሯል፣ አውሮፕላን ይፈራ ስለነበር ሌላው ሲበር እሱ መኪናውን እየነዳ ነበር የሚከተላቸው፣ በመጨረሻ ቤቱ ናፈቀውና ተወው። ኖታ እንኳን አያነብም እኮ! 19 ወይም 20 ዓመቱ ላይ ነው የጊታሪስቱን የቻርሊ ክርስቲያንን ሸክላ ሰምቶ ስድስት ክር ጊታር የገዛው፣ ሶሎዎቹን አንድ በአንድ በጆሮው ለቀመና ክለብ ተቀጠረ፣ ሥራው ምን መሰለሽ፣ የክርስቲያንን ሶሎ ተጫውቶ ቁጭ ማለት ነው፣ ከዛ ውጪ የሚያውቀው አልነበረማ። አንቺ ከዛ እጥፍ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ አታልቅሺብኝ።

ግን ሌላውንም ወሬውን ልንገርሽ። ይሄ ሰው ቤት ሙሉ ልጅ ነበረው። ጠዋት 1 ሰዓት ፋብሪካ ይገባል፣ 9 ሰዓት ይወጣል። ማታ 3 ሰዓት ተርፍ ባር፣ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት። ከዛ 8 ተኩል ሚሳይል ሩም፣ እስከ 11 ሰዓት። በኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ ቁጭ ብለሽ ደምሪውና ስንት ሰዓት ለእንቅልፍ ተረፈው? ሰኔ 1968 ኢንዲያናፖሊስ ቤቱ ውስጥ ልቡ ቆመ፣ 45 ዓመቱ ነበር። ሲጋራም ያጨስ ነበር፣ ሐኪም አይደለሁምና በዚህ ሞተ በዛ ሞተ አልልም። ካነንቦል ከሰማው በኋላ ግን 9 ዓመት እንኳን አልሞላም። አንቺ ጠዋት ሆም ኬር ማታ ጊታር ስትዪኝ እኔ የሚታየኝ ያ ነው። ተኚ።

ደሞ ጎረቤት ይጮህብኛል ብለሽ ሄድፎን ገዛሁ ማለትሽ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን ጥፋት ነው። ዌስን ያዳነው ጎረቤት ነው እኮ። ሌሊት ሌሊት አምፑን ከፍቶ ሲለማመድ ጎረቤት እረፍት አጣን ሲለው ፒኩን፣ የክር መምቻዋን፣ አስቀመጠና በአውራ ጣቱ ሥጋ ክሩን ይዳስስ ጀመር፣ ያ የሚያባባው ወፍራም ድምፅ የመጣው እንደዛ ነው። አንቺ ግን ጆሮሽን ደፍነሽ እስከ ሌሊት 9 ሰዓት የሚከለክልሽ ሰው የለም። ሄድፎኑን 5 ሰዓት ላይ መሳቢያ ውስጥ ክተቺው፣ አልቀልድም።

ጊታር የምትጫወቺበትን ቪዲዮ አየሁት፣ ሦስት ጊዜ አየሁት። ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ልበልሽ፣ አትቆጪ። አንደኛ ኦክታቩ ላይ፣ አንዱን ድምፅ በወፍራምና በቀጭን አንድ ላይ ስትመቺው፣ መሃለኛው ክር እየጮኸብሽ ነው። ሌባ ጣትሽ 6ኛው ክር ላይ፣ የቀለበት ጣትሽ ሁለት ፍሬት አልፎ 4ኛው ላይ፣ በመሃል ያለውን 5ኛውን ደግሞ የሌባ ጣትሽ ጫፍ ነካ አድርጎ ዝም ማሰኘት አለበት፣ መጫን አይደለም ንክት ብቻ። ወደ ታች ወርደሽ 4ኛውና 2ኛው ላይ ስትሆኚ ደግሞ ልዩነቱ ሦስት ፍሬት ይሆናል፣ ትንሿን ጣት ነው የምትጠቀሚው፣ አንቺ የቀለበት ጣትሽን እየጎተትሽ ነው፣ ለዛ ነው አንጓዬን አመመኝ የምትዪው። ቀኝ እጅሽን ደግሞ እንደሱ አራቱን ጣት ሰሌዳው ላይ አሳርፊያቸው፣ አውራ ጣት ብቻ ይሥራ፣ ነጠላ ዜማውን ወደ ታች ወደ ታች። ማታ ማታ አንጓሽን በሞቀ ውሃ ንከሪው።

ሁለተኛው የባሰው ነው። ትቸኩያለሽ። ዌስ ሶሎ ሲጀምር በነጠላ ነው፣ እንደ ሰው ወሬ ቀስ ብሎ፣ ከዛ ኦክታቭ፣ ሰው አለቀ ብሎ ሲያስብ ኮርዱን፣ ብዙ ድምፅ በአንዴ፣ ይዞ ይመጣል። በ1965 ሀፍ ኖት የሚባል ክለብ ከፒያኒስቱ ዊንተን ኬሊ ጋር የተጫወተውን ስሚ፣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነው ትንፋሹን የሚቆጥበው። አንቺ ገና ከመጀመሪያው ኮርዱን አፈሰስሽው፣ ከዛ መሄጃ አጣሽ። ይሄ የችሎታ ማነስ አይደለም፣ የደከመ ሰው ነው እንደዛ የሚጫወተው፣ ቶሎ ጨርሶ ቁጭ ለማለት። እኔ አውቀዋለሁ። ተኚ አልኩሽ።

(ያ ጓደኛሽ "ዌስ በኋላ በቫዮሊን አጅበው ሸጡት" ያለውን አልወደድኩለትም። የሰው ሆድ ሲሞላ የሚናደድ ሰው አለ። 1967 ላይ ከጃዝ ሸክላ ሁሉ የሱ ተሸጠ፣ ልጆቹን አበላ። ምን ክፋት አለው?)

በመጀመሪያ የሰማሁት ልጅ ሆኜ በአጭር ሞገድ ነው፣ የአሜሪካ ድምፅ ላይ ዊሊስ ኮኖቨር የሚያቀርበው የጃዝ ሰዓት ነበር፣ ሬዲዮኑ እየተንሿሿ። ኦክታቩን ስሰማ ሁለት ጊታር መስሎኝ ከወንድሜ ጋር ተወራረድኩ፣ ተሸነፍኩም። ከዛ በኋላ እንግዲህ የማይለቅ በሽታ ሆነብኝ፣ ታውቂዋለሽ፣ ቀን መዝገብ ቤት ማታ ሆቴል።

አሁን ግን የማታውቂውን ልንገርሽ። አንቺ የተወለድሽ ሌሊት ሰዓት እላፊ ይዞኝ ሆቴል ቀረሁ የሚባለው፣ ሰርግ ላይ ሁሉ እየተሳቀ የሚወራው፣ ውሸት ነው። ሰዓት እላፊ ነበር፣ በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ መጫወታችንም እውነት ነው። ግን ሆቴሉ የይለፍ ወረቀት ያለው መኪና ነበረው። እትዬ አልማዝ ከጎረቤት ስልክ ደውላ ምጧ መጥቷል ብላ ተናግራለች። አስተናጋጁ ሊጠራኝ መጥቶ እኔ በእረፍት ሰዓት ከመድረኩ ኋላ የአምፑ ሳጥን ላይ ተኝቻለሁ፣ አምስት ቀን ሙሉ በቀን ሁለት ሰዓት እንኳን አልተኛሁም ነበር። ቀሰቀሰኝ። እሺ አልኩት አሉ፣ እሺ ብዬው ዞሬ ተኛሁ። እኔ ትዝ የሚለኝ ነገር የለም። ሁለተኛ አልቀሰቀሰኝም፣ ባንዱም ያለ እኔ ጨረሰ።

ጠዋት የነገሩኝ ጊዜ በእግሬ ሮጥኩ። ኅዳር 12 ነው፣ ኅዳር ሲታጠን፣ በየደጁ ቆሻሻ እየተቃጠለ ከተማው ጭስ ብቻ፣ ዓይኔ እያለቀሰ በጭሱ ነው በምኑ አላውቅም። ስደርስ ታጥበሽ ተጠቅልለሽ ነበር። እናትሽ "ሰዓት እላፊው ነው አይደል?" አለችኝ፣ አዎ አልኳት። በቃ። 36 ዓመት አዎ እንዳልኩ ነኝ። ለእትዬ አልማዝ ሁሌ በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ የምልክላት ለምንድነው ስትዪኝ የነበረው ለዚህ ነው። ጊታሩንም የሸጥኩት ደርግ ስለወደቀ ሥራ ጠፍቶ አይደለም፣ እሱም ሌላ ውሸት ነው፣ ባየሁት ቁጥር ያ ሳጥን ስለሚመጣብኝ ነው። አንቺ 14 ዓመትሽ ላይ ጊታር ግዛልኝ ስትዪኝ ሁለት ዓመት ያስለቀስኩሽም... ተይው።

ይሄን ለእናትሽ እንዳታነቢላት። እኔ ራሴ እነግራታለሁ፣ ወይም አልነግራትም፣ አንቺን አይመለከትም።

በርበሬና ሽሮ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ልኬያለሁ፣ ቅዳሜ ይደርሳል፣ በርበሬውን ፍሪዘር ውስጥ አድርጊው። ሽሮው የጾም ነው፣ ነቢያት ሊገባ አይደል። በረዶ ሳይመጣ ጎማሽን አስቀይሪ፣ ብር ከሌለሽ ለአክስትሽ ንገሪያት እኔ እዚህ ለልጇ እሰጣለሁ። ከክለብ ስትወጪ እንቅልፍ ከመጣብሽ አትንጂ፣ መኪናው እዛው ይደር። ሐሙስና እሁድ ብቻ ተጫወቺ፣ ሌላውን ሌሊት ተኚ።

አሁን እዚህ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፣ እናንተ ጋ ሌሊት 8 ሰዓት። ቴሌግራሙን ከፍቼ ቁጭ ብያለሁ። አሁኑኑ ሁለት ራይት ካየሁ እደውላለሁ።

አባትሽ