ለዘሪዋ ጋዜጠኛ

ሰላም ነሽ ወይ የኔ እህት? ጠፋህ እንዳትይኝ፣ አንቺም ጠፍተሻል፤ ተቻችለናል።

ሬዲዮ ጣቢያ መግባትሽን ከእህትሽ ሰማሁ። እንኳን ደስ አለሽ! ስለ ሥራሽ ስም አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ብቻዬን ይዤው መቀመጥ አቃተኝ።

ብሮድካስት የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ መጀመሪያ የገበሬ ነበር። ብሮድ ሰፊ ነው፣ ካስት ደግሞ መወርወር። ዘርን በእጅ እየበተኑ መዝራት ማለት ነው። ጄትሮ ተል የሚባል እንግሊዛዊ በ1701 እ.ኤ.አ. ዘርን በመስመር የሚዘራ ማሽን ሠርቶ ነበር፤ እኔ እንደሚመስለኝ የድሮው አዘራር የራሱ ስም ያስፈለገው በመስመር የሚዘራ ሲመጣ ነው።

አባቴን ጤፍ ሲዘራ አይተሽው ታውቂያለሽ? ሐምሌ ላይ ማሳውን በከብት ያስረግጣል። ከዚያ ዕቃውን በግራ እጁ ታቅፎ፣ ከጤፉ ቆንጠር እያደረገ ክንዱን ዘርግቶ ይበትናል፤ አንድ ግራም ውስጥ ከ2,000 በላይ ፍሬ አለ፣ ነፋስ ከመጣ ቆሞ ይጠብቃል። የግብርና ባለሙያዎች በመስመር ዝራ፣ ዘር ትቆጥባለህ ይሉታል። እሱ ደግሞ «ወገቤንስ ማን ይቆጥብልኛል?» ይላል።

ወደ አንቺ ልመለስ። ሬዲዮ ሲጀመር ከመርከብ ወደ ወደብ፣ ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው መልእክት መላኪያ ነበር። መሣሪያ ያለው ሁሉ መስማት መቻሉ እንደ ጉድለት ይታይ ነበር፤ ምስጢር አይጠብቅማ! በኋላ ግን ያው ጉድለት ሥራው ሆነ። ኅዳር 2 ቀን 1920 እ.ኤ.አ. ፒትስበርግ ያለው ኬዲኬኤ ጣቢያ ሃርዲንግና ኮክስ የተወዳደሩበትን የአሜሪካ ምርጫ ውጤት ለሰማ ሁሉ በተነ። በ1922 ቢቢሲ ሲቋቋም ቃሉ ስሙ ውስጥ ገባ፤ መሃል ላይ ያለችው «ቢ» እሷ ናት። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም፣ ምክንያቱም የሚበትን ሰው እያንዳንዷ ፍሬ የት እንደምታርፍ አይመርጥም፣ አንቺም ማን እንደሚሰማሽ ሳታውቂ ነው ማይክ ፊት የምትቀመጪው። ስለዚህ አለቃሽ «አድማጭሽ ማነው?» ብሎ ሲጨቀጭቅሽ ብዙ አትጨነቂ።

ለመሆኑ ፕሮግራምሽ ስንት ሰዓት ነው? እዚህ ኤፍኤም አይስብም። ፖድካስት ካላችሁ ሊንኩን ላኪልኝ፤ እሱም ከቃሉ ግማሹን፣ መወርወሩን ብቻ ነው የወረሰው። ለእማማ ሰላም በይልኝ።