ስልኩ ማንበብ ያቃተው አማርኛ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ

ጉዳዩ፦ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በስልክና በኮምፒውተር ሊያነቡት የሚችሉት መጽሐፍ እንዲዘጋጅላቸው ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ታናሽ ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው፤ ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ገብቷል። ማታ እራት ከተበላ በኋላ የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፉን እያነበብኩ በስልኬ እቀዳለታለሁ። በቴሌግራም እልክለትና ጠዋት እየደጋገመ ይሰማዋል። ቅጂው ውስጥ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል፣ ጀሪካን ሲጎተት ይሰማል። አንድ ቀን "እትዬ፣ መጨረሻው ላይ ደክሞሽ ነበር አይደል?" አለኝ። ደክሞኝ ነበር።

በአገራችን ብዙ ዓይነ ስውራን የተማሩት እንዲህ በሰው ድምፅ ነው። ስድስት ኪሎ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሚያነቡ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን ከቱሉ ዲምቱ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ታክሲ መቀያየር ነው። ልጅ ነጭ በትሩን ይዞ በሥራ መውጫ ሰዓት ሰልፍና ግፊያ ውስጥ እንዲገባ የሚፈልግ የለም።

ባለፈው ዓመት ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበውን ቶክባክን ለስልኩ ከፈትንለት፤ አማርኛ የሚያነበውን ኢስፒክ የሚባለውንም ጫንንለት። ድምፁ የቆርቆሮ ነው፤ በሁለት ሳምንት ለመደው። ከዚያ አንድ ሰው በፒዲኤፍ የተዘጋጀ የአማርኛ ማስታወሻ ላከልን። በደስታ ከፈትነው። ስልኩ "ኤል፣ ፐርሰንት፣ ዳብልዩ፣ ኤስ" እያለ ይቆጥር ጀመር። ወንድሜ "ይሄ አማርኛ አይደለም እኮ" አለ። እኔ ስክሪኑን አያለሁ፤ ጥርት ያለ አማርኛ ነው።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፋይሉ የተጻፈው በድሮ የግዕዝ ፎንት ነበር። እነዚያ ፎንቶች የሚያስቀምጡት የላቲን ፊደል ኮድ ነው፤ ላዩ ላይ ብቻ የእኛን ፊደል ይስላሉ። የሚያይ ሰው ስዕሉን ያነባል። ስልኩ ግን ከሥር ያለውን ኮድ ያነባል። ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጥ ዩኒኮድ የሚባል ዓለም አቀፍ አሠራር አለ፤ የእኛ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አልፈንም ዛሬ በእነዚያ ፎንቶች የሚጽፍ አለ። ሌላው ደግሞ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ፒዲኤፍ ያደርገዋል። ፎቶ ደግሞ ለስልኩ ባዶ ወረቀት ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ የመማሪያ መጽሐፍ ሲታተም በዩኒኮድ የተጻፈው ንጹሕ ጽሑፍም አብሮ ይውጣ። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት በኮምፒውተር ተጽፏል፤ እንደ አዲስ ማንም አይለፋም። ስዕልና ካርታ ያለበት ቦታ ምን እንደሆነ በሁለት መስመር ይገለጽ።

ቀጥሎ በየትምህርት ቤቱ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር እንደ ሰርቨር ይቀመጥ፤ ከዋይፋይ ጋር ይያያዝ። መጻሕፍቱ እሱ ላይ ይጫኑ። ኢንተርኔት ባይኖርም ልጆች በስልካቸው ከግቢው ኔትወርክ መጽሐፉን ያወርዳሉ፤ ወላጅም የዳታ ብር አይከፍልም። አዲስ መጽሐፍ ሲወጣ በፍላሽ ይመጣል። እኛ ሰፈር መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ አይረሳ። ለኮምፒውተር ክፍሉም ኤንቪዲኤ የሚባል በነፃ የሚገኝ አንባቢ ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን ናቸው። በየትምህርት ቤቱ አጠቃቀሙን የሚያሳይ አንድ መምህር ቢሰለጥን በቂ ነው።

ሕጉ አለን። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። የማራኬሽ ስምምነትንም እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀብላለች። ይህኛው ስምምነት የታተመ መጽሐፍን ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች በሚነበብ መልክ ለማዘጋጀት የደራሲው ፈቃድ እንቅፋት እንዳይሆን የሚያደርግ ነው። ፈተናም ወደ ኮምፒውተር እየሄደ ነው፤ የ12ኛ ክፍሉ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ወንድሜ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ኮምፒውተር ሲያናግረው የመጀመሪያ ቀኑ የፈተናው ቀን ከሆነ ምን ይውጠዋል?

መስማት ለተሳናቸው ልጆች በምልክት ቋንቋ የተቀረጸ ትምህርትም እዚያው ሰርቨር ላይ ሊገባ ይችላል። በእኛው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ በዊልቸር የምትሄድ ልጅ አለች። ሊፍት የለም። አባቷ በሌሊት ሥራ ከገባ ያን ቀን ትምህርት ቀረ ማለት ነው። ያመለጣትን ትምህርት በኔትወርክ ብታገኝ ጥሩ ነበር። ግን አደራ፣ ኔትወርክ እሷን ቤት ማስቀሪያ ሰበብ አይሁን። ልጅቱ የምትፈልገው ጓደኞቿ መሃል መቀመጥ ነው።

ባለፈው ወር ከአካባቢ ሳይንሱ አንድ ምዕራፍ ራሴ በዩኒኮድ ጽፌ ሰጠሁት። መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? "አዋሽ" የሚለውን ቃል ፈልጎ ራሱ አገኘው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ አንቀጹን ደገመው፣ እንደገና ወደ ፊት ሄደ። እኔን አልጠራኝም። በድምፅ ቅጂ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር።

ምዕራፉ ፍላሽ ላይ አለኝ። የሚረከበኝ ክፍል ካለ ቅዳሜም ቢሆን ይዤ እመጣለሁ፤ የቀሩትንም ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት እህት፣ ከቱሉ ዲምቱ