የእናትሽ ጠጅ ሳር

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ አልኩ። እናትሽ ያረፉ ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ለቅሶ አልደረስኩም፤ ኔትወርክም አልነበረም። ሲለቀቅ ደግሞ አፈርኩ። ዛሬ ነገ እያልኩ፣ የዘገየሁት ቀን በበዛ ቁጥር መደወሉ የባሰ እየከበደኝ ይኸው እዚህ ደረስን። ይቅር በይኝ።

ባህር ዳር ሐይቁ አጠገብ መግባታችሁን ሰማሁ፤ ትንሹ ልጅሽ በጥቅምት ወባ ይዞት እንደነበርም። ያን እንደሰማሁ ማደር አልቻልኩም። ደብረ ማርቆስ ብርድ ውስጥ ስለኖራችሁ ከቢንቢ ጋር ብዙም አትተዋወቁም። እኛ ፍኖተ ሰላሞች ግን ክረምቱ ወጣ ሲባል ጀምሮ እስከ ኅዳር መጨረሻ ስጋታችን እሱ ነው።

አጎበር እንዳለሽ አውቃለሁ። አጎበር ግን የሚጠብቅሽ አልጋ ውስጥ ስትገቢ ነው። ከጀንበር መጥለቅ እስከ መኝታ ያለውን ሰዓትስ? እራት ሲሰራ፣ በረንዳ ላይ ቡና ሲጠጣ፣ ልጆቹ ደጅ ሲሯሯጡ? እኔ ለዚያ ሰዓት ጠጅ ሳር በዘይት አዘጋጃለሁ።

ቅጠሉን አጭጄ በመቀስ አደቀዋለሁ። አንድ ቀን ጥላ ላይ አጠወልገዋለሁ፤ እርጥብ ከገባ ዘይቱ ይበላሻል። ከዚያ ደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ሞልቼ እስኪሸፈን ድረስ የሱፍ ዘይት አፈስበታለሁ። የኑግም ይሆናል፣ ሽታው ግን ይከብዳል። ዕቃውን ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አቁሜ በለሰለሰ እሳት 2 ሰዓት ያህል አቆየዋለሁ፤ ዘይቱ መፍላት የለበትም። ሲበርድ በንጹህ ነጠላ ቁራጭ አጥልዬ ጨለማ ቦታ አስቀምጣለሁ። ማታ ማታ ቁርጭምጭሚት፣ ባትና ክንድ መቀባት ነው፤ ቢንቢ እግር ትወዳለች። ሽታው ሲጠፋ ስራውም አለቀ ማለት ነው፣ በየሰዓቱ ድገሚው። መጀመሪያ ግን ክንድሽ ላይ ትንሽ ቀብተሽ አንድ ቀን እዪው። ልጁን እጁና ፊቱ ላይ አትቀቢው፣ ዓይኑን ያሽበታል።

አደራ፣ ጤና አዳም ሰውነትሽ ላይ እንዳታሺ! ሽታው ሲከረፋ ይህማ ቢንቢን ያባርራል ብዬ አምና በመስከረም ቅጠሉን ሁለቱም ክንዴ ላይ አሸሁና ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሳርም ዋልኩ። በማግስቱ ቀላ፣ በሦስተኛው ቀን የፈላ ውሃ እንደነካው ውሃ ቋጠረ። ጠባሳው ለወራት እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ቆየ። ለካ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ጤና አዳም ለቡናችን ይሁን።

ጥንጁትን ደግሞ አንች ታውቂዋለሽ። እናትሽ ሲመሽ ደረቁን ከሰል ላይ በትነው ቤቱን ሲያጥኑ፣ እኛ ደጅ ቆመን ዓይናችንን እያሸን «አልወጣም ገና?» እያልን ስንጠይቃቸው ትዝ ይልሻል? ጭሱ ሳይወጣ ማንንም አያስገቡም ነበር። ያኔ ክፋት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን እኔም እንደሳቸው ነኝ፣ ጭስ ለሕፃን ደረት አይሆንም።

ይህ ሁሉ ግን አጎበሩን አይተካም። ትኩሳት ካየሽበትም በቤት መድኃኒት አታቆዪው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመርምሪው። ደጅ ላይ ውሃ ያቆረ ባልዲ ወይም ጎማ ካለም ዛሬውኑ ድፊው።

ቅዳሜ ወደናንተ የሚመጣ ዘመድ አለኝ። ጠጅ ሳር ከነሥሩ ነቅዬ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ እልክልሻለሁ፣ መናኸሪያ ድረስ ወጥተሽ ተቀበይው። ቅጠሉን ስንዝር አስቀርተሽ ቁረጪና ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ትከዪው፤ እስኪይዝ ውሃ አይለየው። ዘሩ የእናትሽ ነው። ያገባሁ ሰሞን ከጓሯቸው ገንጥለው በገዛ እጃቸው የሰጡኝ።

የማትረሳሽ ጓደኛሽ