ትልቅ ሮቶ ግፊት አይጨምርም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ይህን እንድጽፍ ያነሳሱኝ አንድ ጎረቤቴ ናቸው። ሻወራቸው ጠብ ጠብ እያለ ቢያስቸግራቸው ባለ 1,000 ሊትሩን ሮቶ አውርደው እዚያው ብረት ላይ ባለ 5,000 ሊትር ሰቀሉ። ብዙ ብር ወጣ። ሻወሩ ግን ያው ነው።

አልፈርድባቸውም። ክፍል ውስጥም የሚገጥመኝ ይኸው ነው። ውሃቸው እኩል ጥልቀት ያለው አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ ታንከር ሰሌዳው ላይ እሥላለሁ። "ከታች ግፊቱ የሚበዛው የቱ ጋ ነው?" ስል እጁን የሚያወጣው ሁሉ ሰፊውን ይላል። ቀመሩን እኮ እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ እፍጋት ሲባዛ በስበት፣ ሲባዛ በጥልቀት። እዚያ ውስጥ ስፋት የለም፣ ሊትርም የለም፤ ይህን ግን ልብ ያለው የለም።

ስለዚህ ቁጥር አስገብተን እንሠራዋለን። ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ውሃ 1 ካሬ ሜትር ወለል ላይ ቢቆም 19,600 ኒውተን ይከብዳል። ወለሉ 3 ካሬ ሜትር ሲሆን ክብደቱ 58,800 ይደርሳል፣ ለ3 ስናካፍለው ግን ተመልሶ በካሬ ሜትር 19,600 ኒውተን፣ ማለትም 19,600 ፓስካል ነው። ክብደቱም ሦስት እጥፍ፣ የሚሸከመው ወለልም ሦስት እጥፍ። ኃይልና ግፊት የሚለዩት እዚህች ጋ ነው፤ ልጁ ይቺን ሳይሻገር ሃያ ጥያቄ ብንደረድርለት ትርፉ ድካም ነው።

የሕዳሴው ግድብ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ ነው። ከኋላው የሚይዘው ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ግድቡ ላይ 100 ሜትር ጥልቀት ያለ ነጥብ ግን የሚያውቀው ጥልቀቱን ብቻ ነው፤ ሐይቁ ወደ ኋላ አንድ ኪሎ ሜትርም ይሂድ መቶ፣ የውሃው ግፊት እዚያ 980,000 ፓስካል ነው። ግድቡ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄደውም ያለ ነገር አይደለም።

ሌላው ተማሪ የሚያደናግረው የአየር ግፊት ነው። "ጠቅላላ ግፊት" ከተባለ ይደመራል፣ የውሃው ብቻ ከተጠየቀ አይደመርም። መጽሐፍ ላይ ያለው 101,325 ፓስካል ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው፤ እኛ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን 76,000 አካባቢ ነው ያለን። ውሃችን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላውም ለዚህ ነው። ፈተና የምታወጡ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ሮቶውንም ግድቡንም ወደ ጥያቄው አስገቡት።

ጎረቤቴ ሮቶውን አንድ ሜትር ከፍ ቢያደርጉት 9,800 ፓስካል ያገኙ ነበር፤ ከዚያ በላይ ከፈለጉ ፓምፕ ነው። እኔን አሁን የሚያሳስበኝ ብረቱ ነው፤ ሮቶው ሲሞላ ውሃው ብቻ 5 ቶን ይመዝናል፣ ብረቱ የተበየደው ለአንድ ቶን ነበር። መሐንዲስ እስኪያየው ድረስ እንዳይሞሉት ለምኛቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የፊዚክስ አስተማሪ፣ ከአዲስ አበባ