ደብዳቤ ለልጄ፦ ፎርሙን ሙዪው

የኔ እናት፣

ለሴት ተማሪዎች የሚሰጠውን የስኮላርሺፕ ፎርም አልሞላም ማለትሽን የነገረኝ አባትሽ ነው። ለእኔ ያልነገርሽኝ እንደምቆጣ ስለምታውቂ ነው። ደግሞም ተቆጣሁ። አሁን ቡናዬን ጠጥቼ በረድ ስላልኩ ልጽፍልሽ።

«የቤተሰብ ገቢ ይጠይቃል፤ ድሃ ነኝ ብዬ አልለምንም፤ መንግሥት እያስተማረኝ ነው» አልሽ አሉ። ያስተምርሻል፣ ግን በብድር። ስትገቢ የፈረምሽው የወጪ መጋራት ውል ትዝ ይበልሽ። በደንቡ መሠረት የምግብና የዶርም ወጪው ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶው የተማሪው ነው። ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ከደመወዝሽ ይቆረጣል። ላፕቶፕ፣ ካልኩሌተር፣ ፎቶኮፒ፣ ዳታ፣ ሞዴስ ደግሞ ከዚያ ውጪ ናቸው። የጓደኛሽን ላፕቶፕ እሷ ስትተኛ እየተዋስሽ እንደምትሠሪ እህትሽ ነግራኛለች። ይሄስ ልመና አይደለም? የእኔ የመምህርቷ ደመወዝ ምን እንደሚያህል ታውቂያለሽ። የአባትሽ በጎችም ገና ፋሲካን እየጠበቁ ነው።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታን ታውቂያቸዋለሽ፣ ክፍል ውስጥ ስማቸውን ሳልጠራ የማልፍበት ዓመት የለም። እኛው ሸዋ፣ ወሎንኮሚ የተወለዱ ናቸው። ልጅ እያሉ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ዓርብ ይመለሳሉ። ይማር ብለው ሙጭጭ ያሉት እናታቸው ነበሩ። ከዚያ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ዓለማያ ኮሌጅ፣ አሜሪካ ያለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ። አቀንጭራ የሚባለውን ሰብል የሚመጥ አረም የሚቋቋም ማሽላ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ። በየደረጃው የደገፋቸው አለ፤ ለማኝ ብሎ የጠራቸው ግን አልሰማሁም። እዚህ መሐል ሜዳም ዓርብ ከሰዓት የክፍሌ ግማሹ ልቡ መንገድ ላይ ነው። ቤት ተከራይተው የሚማሩት የገጠር ልጆች ለስንቅ ይሄዳሉ፣ እሑድ ማታ በሶና ድርቆሽ ተሸክመው በዚያ ውርጭ ይመለሳሉ። ከእነሱ አንዷ ነገ ይህን ፎርም ብታገኝ «ተዪው፣ ያሳፍራል» ትያታለሽ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «በሴትነቷ ነው ያገኘችው ይሉኛል» ብለሻል። ይበሉ። ከክፍልሽ ሴቶቹ በጣት እንደምትቆጠሩ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። ፕሮግራሙ የተፈጠረው ለዚያ ነው። ያነሰ ጭንቅላት አላችሁ ያለ የለም።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትሬይስማን የሚባል የሒሳብ ሰው ነበር። ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ በብዛት ይወድቃሉ። ለምን ብሎ መምህራኑን ጠየቀ። ፍላጎት የላቸውም፣ መሠረታቸው ደካማ ነው፣ ቤተሰባቸው ድሃ ነው አሉት። ሰውየው በግምት አልረካም፤ የሚያጠኑበት ድረስ ሄዶ አየ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ይለፋሉ፣ ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ነው የሚለፉት። የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ደግሞ ተሰብስበው መልስ ያመሳክራሉ፣ አንዱ የሌላውን ስህተት ያወጣል። ታዲያ ትሬይስማን የማካካሻ ትምህርት አልከፈተላቸውም። ከክፍሉ የከበደ ጥያቄ እየሰጠ አብረው እንዲታገሉት አደረገ። ውጤታቸው ተቀየረ።

ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ፍሪማን ሃራባውስኪ የሚባሉ የሒሳብ ምሁር በሜሪላንድ ባልቲሞር ካውንቲ ዩኒቨርሲቲ የሜየርሆፍ ስኮላርሺፕን አቋቋሙ። መጀመሪያ ለጥቁር ወንዶች ነበር፣ በኋላ ለሴቶች፣ ቆይቶም ለሁሉም ተከፈተ። ገንዘብ ብቻ ሰጥቶ የሚሸኝ አይደለም። ትምህርት ሳይጀመር ክረምቱን ያሰባስባቸዋል፣ ላብራቶሪ ከተመራማሪ ጋር ያገናኛቸዋል፣ በቡድን ያስጠናቸዋል። የሞደርና የኮሮና ክትባት ሲሠራ ከፊት ከነበሩት ሳይንቲስቶች አንዷ ኪዝመኪያ ኮርቤት ከዚያ የወጣች ናት።

ይሄን የምነግርሽ ወደ አንቺ ነገር ለመምጣት ነው። ወንዶቹ ማታ ስፔስ፣ ማጥኛ ክፍሉ ገብተው አብረው ሲያጠኑ አንቺ ባናሽን ተከናንበሽ ዶርም ብቻሽን ትቸክያለሽ። ማታ መውጣት እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፣ የደብረ ብርሃንም ብርድ ቀላል አይደለም። ግን ቅዳሜ ጠዋት ማን ይከለክላችኋል? ሁለት ሦስት ሴቶች ፈልጊ፣ ወንድ ተማሪም ይጨመር፣ ከባድ ጥያቄ ይዛችሁ ተቀመጡ። ስኮላርሺፑም ቢሆን አማካሪ ይመድባል ወይ፣ ልምምድ ያስገኛል ወይ፣ ተማሪዎቹን ያሰባስባል ወይ ብለሽ ጠይቂ። እነዚህ ካሉት ከብሩ በላይ እነሱን እመኝልሻለሁ።

የማመልከቻው ድርሰት ላይ አታልቅሽ። እናንተ ልጆች ስኮላርሺፕ ሲባል ችግር መደርደር ይመስላችኋል። አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሽ የሠራሽውን ጻፊ። የላብራቶሪያችን ቁም ሳጥን ቁልፉ ጠፍቶ፣ የሁክን ሕግ፣ ማለትም ተለጣጭ ነገር የሚረዝመው በተሰቀለበት ክብደት ልክ ነው የሚለውን፣ በብስክሌት ጎማ ላስቲክና በስኳር ከረጢት የሞከርሽውን። ግማሽ ኪሎ፣ አንድ ኪሎ፣ አንድ ተኩል እያልሽ ሰቅለሽ በማስመሪያ ለካሽ። ግራፉ ቀጥ ማለት ሲገባው ተጣመመ። ሌሎቹ ቁጥሩን አስተካክለው ቀጥ ያለ መስመር አመጡልኝ። አንቺ ግን የተጣመመውን ይዘሽ መጥተሽ «ቲቸር፣ ላስቲክ ለምን አይታዘዝም?» አልሽኝ። ክፍል ውስጥ ቲቸር ትዪኝ ነበር እኮ፣ እስካሁን ያስቀኛል። ያንን ጻፊው፣ ቁጥሮቹን ሳትተዪ።

የስኮላርሺፑንም ውል አንብቢ። ውጤትሽ ከስንት ቢወርድ ይቋረጣል? ከምረቃ በኋላ የአገልግሎት ግዴታ አለው? የማመልከቻ ብር ላኪ የሚልሽ ካለ ሌባ ነው፣ ብሎክ አድርጊው።

የደመወዜን ማስረጃ ከትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል አስጽፌያለሁ። አባትሽም ቀበሌ ሄዶ የሱን አወጣ። ጸሐፊው «በጎችዎ ስንት ናቸው?» ቢለው «ከበሽታው በፊት ወይስ በኋላ?» አለው። ሁለቱንም ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ ማህተሙ በደንብ ይታያል። ዋናውን አባትሽ በጎቹን ይዞ ሲመጣ ይሰጥሻል። ድርሰቱን ከማስገባትሽ በፊት ላኪልኝ። ፊዚክሱን አያለሁ፣ እንግሊዝኛውን ጓደኛሽ ታርመው።

እናትሽ
መሐል ሜዳ