ለ«ነፍስ ይማር» ምን ብዬ ልመልስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባሕር ዳር ገበያ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ልብስ የምሰፋ የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነኝ። ሙስሊም ነኝ። እናቴ ክርስቲያን ነበረች፤ ባለፈው ኅዳር ዐረፈች። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በለቅሶዋ ሦስተኛ ቀን፣ እድራችን በተከለው ድንኳን ውስጥ በጆሮዬ የተነገረኝ ቃል ነው።

እናቴ የዘጌ ሰው ናት። በልጅነቷ ቡናና ጌሾ በታንኳ ጭነው ወደ ከተማ ከሚሻገሩት ጋር ትመጣ ነበር። አባቴን ያወቀችው ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ ነው። ሲጋቡ በሁለቱም ወገን የተባለውን ልጻፍ ብል ጋዜጣው አይበቃኝም፤ ልለፈው። አባቴ ሃይማኖትሽን ቀይሪ አላላትም፤ እሷም አልቀየረችም። ቤታችን ውስጥ ሁለት ወጥ መሥሪያ ድስት ነበር። የእሷ ድስት ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ክሩ ከአባቴ ሲንገር የተረፈ ነው፤ በጭስ ሲጠቁር ቆርጣ ትጥልና አዲስ ታስርበታለች። ለፋሲካ ዶሮዋን የሚያርድላት ክርስቲያን ጎረቤት ነበር፤ የአረፋን በግ አባቴ ያርዳል። የአባቴን ሥጋ አንድ ቀን በአፏ አላዞረችም፤ ጨው መብዛቱን ግን በሽታው ታውቃለች።

አባቴ ከሞተ በኋላ ንስሐ ገብታ ቆረበች፤ የምትኖረው ግን እኔ ዘንድ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ገቡ። እኔ እስከ መግሪብ፣ እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንጀራዋን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። «እማዬ፣ ግድ የለም፣ ብዪ» ብላትም እንቢ። እኔ እያየሁ መብላት አይሆንላትም ነበር። ከዚያ ተነሥታ የእኔን ሾርባ ትጥዳለች።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። በእኛ ሰፈር ለቅሶ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጠው። የሚገባው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ እኔም «አሜን» እላለሁ። በሰልስቱ ዕለት በመስጊድ የማውቀው አንድ ወጣት አጠገቤ ተቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ አሜን አይበሉ። ለካፊር ምሕረት አይለመንም። እናትዎ የጀሀነም ናቸው» አለኝ። አክብሮቱ አልጎደለም፤ «ናቸው» ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ «ነፍስ ይማር» ባሉኝ ቁጥር አሳል ጀመር። አንዲት የእናቴ ማኅበርተኛ ጉንፋን መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

ሳምንቱ ካለፈ በኋላ በሃይማኖቱ ትምህርት ያረጁ አንድ ሼህ ዘንድ ሄድኩ። ልቤን ለማሳረፍ ብለው አላቀለሉልኝም፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ። የመጀመሪያው የልጁ ቃል መሠረት አለው አሉኝ። በቁርአን የተውባህ ምዕራፍ 113ኛው አንቀጽ፣ የቅርብ ዘመድ እንኳ ቢሆን፣ የእሳት መሆናቸው ከተገለጸ በኋላ ለአጋሪዎች (ከአላህ ጋር ሌላ ለሚያመልኩ) ምሕረት መለመን ይከለክላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ለእናታቸው ለአሚና ምሕረት ለመለመን ጌታቸውን አስፈቅደው አልተፈቀደላቸውም፤ መቃብሯን ለመጎብኘት ሲያስፈቅዱ ግን ተፈቀደላቸው። ሄዱ፤ አለቀሱ፤ አብረዋቸው ያሉትንም አስለቀሱ። ሼሁ እዚህ ላይ ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ በእናትህ መቃብር ላይ ማልቀስ ሱና ነው፤ የነቢዩ ፈለግ ነው» አሉኝ።

ሁለተኛውን ቃል ግን አልተቀበሉትም። አንዲት ሴት ስሟ ተጠርቶ የጀሀነም ናት የሚለውን ከየት አመጣው? በእስራ ምዕራፍ 15ኛው አንቀጽ አላህ መልእክተኛ ሳይልክ እንደማይቀጣ ተናግሯል። መልእክቱ ለማን እንደደረሰና እንዴት እንደደረሰ ደግሞ ሊቃውንቱ ብዙ ተነጋግረውበታል። በ1111 እ.ኤ.አ. የሞቱት የእስልምና ሊቅ ኢማም አል-ገዛሊ ሙስሊም ያልሆኑትን በሦስት ይከፍሏቸዋል፦ የነቢዩን ስም ጨርሶ ያልሰሙ፣ እውነተኛ ማንነታቸውን አውቀው የካዱ፣ ስማቸውን ከልጅነት ጀምሮ በተዛባ ወሬ ብቻ የሰሙ። ገዛሊ ተጠያቂ የሚያደርጉት ሁለተኛዎቹን ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ መጀመሪያ አላጽናናኝም። ገዛሊ የሚያወሩት ስለ ሩቅ አገር ሰዎች ነው፤ እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አዛን እየሰማች፣ ከአንድ ሙስሊም ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖራለች። ይህንኑ ነገርኳቸው። «ጆሮዋ የሰማውን አንተ ታውቃለህ፤ ልቧ ዘንድ የደረሰውን ማን ነግሮህ? ለዚያ ልጅስ ማን ነገረው?» አሉኝ።

ለዚያ ወጣት ክፋት አልመኝለትም፤ ምናልባት ሊያድነኝ አስቦ ይሆናል። በሐዲስ (ስለ ነቢዩ በተላለፈው ዘገባ) ግን የአይሁዳዊ አስከሬን ሲያልፍ ነቢዩ መነሣታቸውና «አይሁዳዊ እኮ ነው» ሲባሉ «ነፍስ አይደለችምን?» ማለታቸው ተዘግቧል። እሱ ለነፍስ መነሣት ቢያቅተው ዝም ማለት አያቅተውም ነበር። በእናቴ ወገንም ከእስላም ጋር የኖረች ምን ጽድቅ አላት ያሉ አልጠፉም፤ እነሱ እንኳ ከድንኳኑ ውጭ ነው የተናገሩት። የእድር ዳኞቻችን ድንኳን ውስጥ ካርታ መጫወት የከለከሉትን ያህል ይህንንም ቢከለክሉልን ብዬ ነው በጋዜጣችሁ የምጠይቀው።

ሼሁ ስሰናበት አንድ ነገር ሰጡኝ። በማኢዳህ ምዕራፍ 118ኛው አንቀጽ፣ ነቢዩ ዒሳ (ኢየሱስ) እሱንና እናቱን አምላክ አድርገው ስለያዙት ሰዎች ሲጠየቅ ለጌታው የሚመልሰው ነው፦ ብትቀጣቸው ባሮችህ ናቸው፤ ብትምራቸውም አንተ አሸናፊው ጥበበኛው ነህ። ነቢያችን አንድ ሌሊት ቆመው ይህችን አንቀጽ ብቻ እየደጋገሙ አንግተዋል። «ልመና አይደለም፤ ጉዳዩን ለባለቤቱ ማስረከብ ነው» አሉኝ ሼሁ። ቤት ገብቼ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ሳነበው፣ ሙስሊም ወንድ መጽሐፍ ከተሰጣቸው ሕዝቦች (ከአይሁድና ከክርስቲያን) ጥብቅ የሆነች፣ ጨዋ ሴት እንዲያገባ የሚፈቅደው አንቀጽም እዚያው ነው፤ 5ኛው። አባቴን ያን የፈቀደለት መጽሐፍ እንደ እኔ ያለ ልጅ እንደሚወለድ ሳያውቅ አልቀረም ማለት ነው።

በአርባዋ ማግስት በጀልባ ዘጌ ተሻገርኩ። ለማኅበርተኞቿ ስኳርና ሻማ ይዤላቸው ነበር፤ የወላጅን ወዳጅ ማክበር በእኛም ትልቅ በጎ ሥራ ነው። መቃብሯ ላይ ቆሜ አንቀጿን ደጋገምኳት። ዞር ስል ያን ዕለት ውሃ ያመጡልኝ ሴትዮ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ነፍስ ይማር» አሉኝ።

አልሳልኩም። «ባሪያው ናት» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ «አዎን ልጄ፣ ባሪያው ናት» አሉኝ።

ልብስ ሰፊው፣ ከባሕር ዳር